ቁርጭምጭሚት ነው አልኩት

ጥር 6፣ ማክሰኞ

አለቃችን ዛሬ ጂሙ ሳይከፈት ሰበሰበን። ባለፈው ወር ሁለት ሰው ጀርባውን ይዞ ከዚህ ወጥቷል። አንደኛው ኢንጂነሩ ነው። በመጣ በሳምንቱ ከባድ ብረት ከመሬት እንዲያነሳ ተደርጎ ወገቡ ቀጭ አለ፤ እስካሁን ካልሲውን የምታደርግለት ሚስቱ ናት። "ሰው ጤና ፍለጋ ይመጣል፣ እኛ አሽመድምደን እንልከዋለን" አለ አለቃችን። ከእንግዲህ ማንም አዲስ ሰልጣኝ አቋሙና አካሄዱ ሳይታይ ክብደት እንዳይነካ ወሰነ። እንዴት እንደሚታይ ለሌሎቹ አሰልጣኞች የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ። "አንቺ ዓይን አለሽ" ነው ያለው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዓይን ብቻም አይደለም፣ ጆሮም ነው። ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ገና ሳላየው ነው የሰማሁት። ደረጃውን ሲወጣ ቀኝ እግሩ ዝም ይላል፣ ግራው ጠፍ ይላል። ዝም፣ ጠፍ። ዝም፣ ጠፍ።

"ግራ እግርህን ምን ነካው?"

"ጫማው ሰፍቶኝ ነው።"

ጫማውን አየሁት። አልሰፋውም። የግራው አፍንጫ ብቻ ተፍቆ ነጭ ሆኗል።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ነው የሚውለው። እንዲህ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ባይደክም ነበር የሚገርመው። "ቁርጭምጭሚት ነው" አልኩት። "ጠዋት ጠዋት ና፤ በወር ውስጥ አስተካክልልሃለሁ።"

ጥር 9፣ ዓርብ

ጋሼ ፀጉር ቤቱን ከመክፈቱ በፊት መጣ። እንደማንኛውም አዲስ ሰው አየሁት። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ፣ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል ወይ። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ እጅ ወደ ላይ። በአንድ እግር መቆም። መሄድ፣ ዞሮ መመለስ።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አባት ብዬ የማውቀው እሱን ነው። እሱን "ተነስ፣ ተቀመጥ" ማለት ሳቄን አመጣው። እሱም ሳቀ። "ድሮ ፀጉርሽን ስቆርጥልሽ እኔ ነበርኩ ቀጥ በይ፣ አትወዛወዢ የምልሽ፤ ጆሮሽን እንዳልቆርጠው።"

በቀኝ እግሩ ያለ ምንም ችግር ቆመ። በግራው ወዲያው ግድግዳውን ያዘ። "እስቲ በተረከዝህ ብቻ ሂድ፤ የእግርህን ጣቶች ወደ ላይ አንሳ" አልኩት። የቀኞቹ ተነሱ። የግራዎቹ አልተነሱም። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናቸው።

"እምቢ አሉ" አለ።

ህመም እንዳለው ደጋግሜ ጠየቅኩት። ምንም። አይቆረጥመውም፣ አይደነዝዘውም፣ ወገቡንም አያመውም። ደስ አለኝ። ህመም የሌለበት ነገር ቀላል ነው። የቅልጥሙ ፊት ያለው ጡንቻ ሰንፎ ነው። ላስቲክ ሰጠሁት፣ ጠዋትና ማታ እንዲስብበት።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ለአሰልጣኞቹ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠሁ። መጀመሪያ ሁሉም ወሬ ነበሩ። አንዱን ጎረምሳ አሰልጣኝ አስነስቼ ቁጭ ብድግ አስደረግኩትና ከኋላው እንዲያዩት አደረግኩ። በዚያ ሁሉ ደረት ስር ቀኝ ዳሌው ወደ ጎን ያመልጣል። ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ በደንብ ሰሙኝ።

ዋናው ነገር ያልኳቸው ይሄ ነው፦ ሰው ሲመጣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ አትጠይቁት። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ ቦርሳውን በየትኛው እጁ እንደሚያስቀምጥ እዩ። ግራና ቀኙን አወዳድሩ። ቅርፁ ሲበላሽ ክብደቱን ቀንሱ እንጂ "በርታ" አትበሉት። የተጎዱት ሁለቱም ሰዎች የተጎዱት "አንድ ጊዜ ብቻ፣ በርታ" ሲባሉ ነው።

አንዷ ጠየቀች፦ "የደከመን ጡንቻ ከሰነፈ በምን እንለየዋለን?"

"የሰነፈ በልምምድ ይሻለዋል" አልኳት። "እየሰራ የማይሻለው፣ በአንድ በኩል ብቻ ያለ ምክንያት እየከዳው የሚሄድ ሰው ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። የእኛ ሥራ አይደለም። ሐኪም ሳያየው እንዳትነኩት።"

ጥሩ መልስ ነበር። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

የጋሼ እግር አልተሻለም። እንዲያውም ዛሬ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተደናቀፈ።

"ቤትህ አትሰራም ማለት ነው" አልኩት።

"እሰራለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔን አትሸውደኝ። ብትሰራ ይታይ ነበር።"

"እሺ፣ እበረታለሁ ሚጢ።" ሚጢ የሚለኝ ሲያባብለኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ።

ወንዶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ይስማማሉ፣ ከዚያ አይሰሩም። በተከታታይ ሁለት ቀን ቤቱ ሄጄ አጠገቡ ቆሜ ላሰራው ነው።

ጥር 22

አልሄድኩም። ሦስት አዲስ ሰልጣኝ መጣ፣ አለቃችን ሁሉንም እኔ እንዳይ ይፈልጋል። ደከመኝ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የወንድሜ ሚስት ደወለች። እትዬ እንዲህ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። መቀሱ በሳምንት ውስጥ ሁለቴ ከእጁ ወድቋል አለች። አንዴ ደንበኛው ጭን ላይ።

"አዲሱ መቀስ ነው፤ እጀታው ይንሸራተታል" አልኳት።

"አሮጌው ነው የወደቀው።"

"እንግዲህ ክረምት ከበጋ ቆሞ እየዋለ ትከሻው ይዝላል እኮ እትዬ። ትከሻ ሲዝል እጅ ይሰንፋል።" ስናገር እንዴት ያምራል። እሷም አመነችኝ፤ "አንቺ ካልሽ" ብላ ዘጋችው።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ፀጉር ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ሞልቷል። ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ የማይ ሳልመስል።

ቶንዶዙን በሁለት እጁ ይይዘዋል። ድሮ በቀኙ እያስኬደ በግራው የሰውየውን ጭንቅላት በሁለት ጣት ያዞር ነበር። አሁን ደንበኛውን "እስቲ ወደዚህ ዙርልኝ" ይለዋል። በምላጭ መላጨት ትቷል። ምላጩን ሁለተኛው ወንበር ላይ ለሚሠራው ባልደረባው ሰጥቶታል። የግራ እጁ ላይ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። ማንኪያ ያህል።

ከስቷል፤ ስለዚህ ነው። ሰው ሲከሳ መጀመሪያ እጁ ላይ ይታያል። ለስላሳ ኳስ ገዝቼለታለሁ፣ እንዲጨብጠው።

ስወጣ ከፊቴ የወጡ ሁለት ደንበኞች በሩ ላይ ያወራሉ።

"ምነው አፉ ተሳሰረ? ቀምሶ ነው እንዴ የሚሠራው?"

"በዚህ ጠዋት!"

ዞሬ ጮህኩባቸው። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ብርጭቆ አንስቶ አያውቅም አልኳቸው። ሰዉ ሁሉ እስኪያየኝ ድረስ ጮህኩ። ሰውየው "ይቅርታ እህቴ፣ እንግዲህ ምን እንበል?" አለኝ። ጥርሱ ነው ብያለሁ። ለራሴ ማለቴ ነው። አንድ መንጋጋ አስነቅሏል፣ ምላሱ ገና አልለመደውም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጡረተኛው መምህር ዛሬ ከረጅም ጉዞ ተመልሰው መጡ። እሳቸው ጉልበቴን አመመኝ ብለው አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ገና መለማመጃ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ አንድ እግራቸውን በስስት ሲያሳርፉ አየሁ። ሱሪያቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ጠየቅኳቸው። ቀኝ ባታቸው አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ያማቸዋል።

"አውቶቡስ ላይ ተጣምሜ ተቀምጬ ነው፣ ትንሽ ብታፍታቺው ይለቃል" አሉኝ።

"አልነካዎትም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት።"

"ኧረ ልጄ፣ ለዚች!"

"መምህር፣ ዛሬ እርስዎን ባሰራዎት ነገ ራሴን መስታወት ላይ ማየት አልችልም።" ታክሲ ጠርቼ ራሴ አሳፈርኳቸው።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የደም መርጋት ነው አሏቸው። አሰልጣኟ ብታሸው ኖሮ ወይም ብታስሮጣቸው ኖሮ ወደ ሳንባቸው ይሄድ ነበር ብለዋታል ለልጃቸው። ልጅቷ መጥታ አቅፋኝ አለቀሰች። "ይህን ዓይንሽን እግዜር ይጠብቅልሽ" አለች። አሰልጣኞቹ አጨበጨቡ። አለቃችን በሰው ፊት አመሰገነኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ቆይቼ ወጣሁ። ደክሞኝ ነው።

የካቲት 16፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ምሳ በላሁ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ሲታጠብ ክንዱን አየሁት። ከቆዳው ስር ሥጋው ይርገበገባል። እሱ ሳያንቀሳቅሰው፣ እዚህም እዚያም፣ ኩሬ ላይ የመጀመሪያው ካፊያ እንደሚወርድ።

"ምንድነው ይሄ?"

"እንጃ። አያምም። እንዲያውም ያዝናናኛል፤ ሥራ ስፈታ አየዋለሁ።"

እትዬ አልሳቀችም። ባቱም ሌሊት እየተኮማተረ ያስነሳዋል አለች። ውሃ ጠጣ አልኩት። እንቅልፍ አጥተህ ነው፣ ጨው አንሶህ ነው አልኩት። ሌላም ብዙ ነገር አልኩት። ሁለቱም አጎንብሰው ሰሙኝ።

ሲሸኘኝ የሸሚዙ ቁልፎች ሁሉም ተቆልፈው ነበር። እትዬ ስትቆልፍለት ግን ከመስኮቱ አይቻታለሁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እንዲህ ሆነ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጠዋት አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን መርገጫ ላይ እየወጣ እየወረደ ነበር። አያቶች የሚሠሩባት ናት። ጂሙ ሞልቷል። ግራ እግሩ ጠርዙን እየነካ ይመለሳል። ሌሊት አልተኛሁም፣ ነርቬ ተነስቷል። "አንሳ!" አልኩት። "ጋሼ እግርህን አንሳ! አንሳ እንጂ! ምን ሆነሃል፣ ልጅ ነህ እንዴ?" ሰዎች ዞር ብለው አዩን። እሱ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "በርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" አልኩት።

ይህን ቃል እኔ ነኝ ያልኩት።

ወደ ፊት ወደቀ። እጁን ለማስቀደም አልሞከረም። ወይም ሞክሮ እጁ አልደረሰለትም። አገጩ ተሰነጠቀ። ደሙን በፎጣ ይዤ "ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" ስል እሱ ነበር የሚያጽናናኝ።

አገጩን ካሸጉለትና ከሄደ በኋላ አለቃችን ቢሮው ጠራኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቀስ ብሎ "ይሄ ሰው ደንበኛ ቢሆን ኖሮ መቼ ነበር ወደ ሐኪም የምትልኪው?" አለኝ።

"አንተ ስለ እግር ምን ታውቃለህ?" ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ከሰዓት እትዬ ጋ ሄድኩ። እሱ ተኝቷል። ጓዳ አስገብታኝ በሹክሹክታ ጉልበቱን እንዳየሁት ጠየቀችኝ። ሁለቱም ጉልበቱ በሰንበር ተሞልቷል አለች፤ አሮጌው ሳይድን አዲስ እየተጨመረበት። "ያንቺን ስፖርት እየሠራ ነው። ማታ ማታ ቁም ሳጥኑን ይዞ ይሠራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ላንቺ እንዳልነግርሽ ብሎኛል። አትሠራም እያልሽ ስለምትቆጪው፣ 'እየሠራሁ አልተሻለኝም ብላት ታዝናለች' ይላል።"

ሠርቷል። ጠዋትም ማታም ሠርቷል።

የካቲት 21፣ ዓርብ

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ለሚቀጥለው ሐሙስ።

ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ወጣት ናት። እኔ የማስደርገውን ሁሉ አስደረገችው። ቁጭ ብድግ። በተረከዝ መሄድ። በአንድ እግር መቆም። እሷ ግን "በርታ" አላለችውም። ያቃተውን ስታይ "ይበቃል፣ አመሰግናለሁ" እያለች ታልፋለች። ምላሱን እንዲያወጣ ጠየቀችው። ምላሱ ላይም ያው መርገብገብ አለ። እኔ ምላሱን አይቼው አላውቅም፤ ማን የሰው ምላስ ያያል?

"መቼ ነው የጀመረው?" አለች። ጋሼ ወደኔ አየ። እኔ መሬት አየሁ።

ተጨማሪ ምርመራ አዘዘች።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

በቀጭን መርፌ ጡንቻው ውስጥ ገብተው የሚያዳምጡበት ምርመራ ነው። ማሽኑ ድምፅ ያወጣል። ዝም በል ሲሉት፣ ክንዱ ምንም ሳይሠራ ማሽኑ ጣቢያ እንደጠፋው ሬዲዮ ይንጫጫል። መርማሪው ምንም አላለም። የማያወራ ሰው አካል ማንበብ እችላለሁ፤ እሱም ትከሻው ወርዶ ነበር።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ነገሩ ይሄ ነው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው። ጡንቻው አልሰነፈም፤ ትእዛዝ የሚያደርስለት ጠፋ። ከእግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ምላስ፣ በመጨረሻም ወደ መተንፈሻ። የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚያዘገይ ትንሽ አለ፣ የሚያግዝ ብዙ አለ። ሐኪሟ ቃላቷን አልደበቀችም፣ አልቸኮለችምም። እትዬ ሁሉንም ከሰማች በኋላ "ምግብ ነው የሚያስፈልገው?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

ጋሼ "አእምሮዬስ?" አለ።

"በአብዛኛው ደህና ይሆናል።"

"እንግዲህ ሁሉንም እያየሁት ነው የምሄደው ማለት ነው።"

ሁለቱ ኮሪደር ላይ ሲጠብቁኝ ተመልሼ ገባሁ። "ዶክተር፣ በጥር ባመጣው ኖሮ?" አልኳት። በሽታውን አይለውጠውም ነበር አለች። ወዲያው ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች፦ "ግን የተዳከመውን ጡንቻ እስኪዝል ማሠራት ጥሩ አይደለም። ብዙ ወድቋል። ከዚህ በኋላ ቀስ፣ ያለ ድካም።" ደግ ናት። ማን እንዳሠራው አልጠየቀችኝም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ፀጉር ቤቱን ለባልደረባው አስረከበ። ቁልፉን ሲሰጠው እጁ ስላልያዘለት መሬት ወደቀ፤ ባልደረባው ሲያነሳው ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት። ጋሼ "ተነስ እንጂ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው" አለው። ቀልድ መሆኑ ነው። ሦስቱም ወንበር ባዶ ነበር።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ዛሬ እኔና ጋሼ ብቻችንን ነበርን። እትዬ ገበያ ሄዳለች። አነጋገሩ ከብዷል። እኔ ግን ልቅም አድርጌ እሰማዋለሁ።

ለመናገር ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እኮ አየሁት። ምንም ያላየሁት ነገር የለም። ጣቶችህ ሳይነሱ ቀርተው፣ እጅህ ጎድጉዶ፣ ሁሉንም..." ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

"እኔም አውቄ ነበር" አለ። "ስሙን አይደለም። ግን ገላዬ ነው፣ እንዴት አላውቅም? ሐኪም ቤት ብሄድ የሚሉኝን ፈራሁ። አንቺ ቁርጭምጭሚት ነው ስትይኝ... ሚጢ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ደረጃውን ስወርድ ለራሴ ቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚት እያልኩ ነው የሄድኩት።"

"እኔ ግን ጮኼብሃለሁ።"

"ጮኸሻል" አለ። አላስተባበለልኝም። ከዚያ "የአገጬ ጠባሳ አምሮብኛል ይላሉ ደግሞ" አለ።

እኔ ይቅር ያለኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ነው ይቅርታ እንዳልጠየቅኩት ትዝ ያለኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

አለቃችን በድጋሚ ቢሮው ጠራኝ። በዚህ ሁለት ሳምንት ስድስት ሰልጣኝ ወደ ሐኪም ልኬአለሁ። አንዷ ጫማዋ ስለጠበባት ነበር የምታነክሰው። አንዱ እጁ የተንቀጠቀጠው ቁርስ ስላልበላ ነው። ሐኪሙ ስቆ መለሰው።

"ሰዉን ሁሉ ሐኪም ቤት አጎርሽው እኮ" አለኝ። ቁጣ የለውም።

"ብሳሳትስ?"

"ትሳሳቻለሽ። ሁላችንም እንሳሳታለን። ሰው ግን መሥራትም አለበት።" እረፍት ውሰጂ አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ከዚያ ወሰድኩ። መንገድ ላይም አልቻልኩም። አካሄዱ ትንሽ የተለየ ሰው ሳይ እቆማለሁ፤ አንዱን ሽማግሌ ሁለት መንገድ ተከትዬው ሄድኩ። ሱቅ ገባ። ከበሩ ላይ እግሩን አንስቶ ሲገባ አይቼ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

እትዬ ወገቧን ያዛት። ሰሞኑን ጋሼን በብብቱ አቅፋ ከአልጋ ወደ ዊልቸር እያነሳችው ነበር። ዛሬ ጠዋት መሃል ላይ ወገቧ ከዳት። እሷም እሱም አልጋው ላይ ተመልሰው ወደቁ። ደግነቱ አልጋው ላይ ነው።

ትንሽ ሲሻላት አስነስቼ አስተማርኳት። ይሄን እንኳ አውቃለሁ።

"በብብቱ አትጎትቺው፣ ትከሻው ይወልቃል። መጀመሪያ ወደ አልጋው ጠርዝ አምጪው። እግሮቹ ወደ ኋላ፣ ከጉልበቱ ስር ይግቡ። አንቺ ቅርብ ቁሚ፤ እንዳታፍሪ፣ ባልሽ ነው።"

"አሁን ነው ማፈር!" አለች።

"ከወገቡ የታሰረውን ቀበቶ ያዢ። ጉልበትሽን አጠፍ፣ ጀርባሽን ቀጥ። ወደ ላይ አይደለም የምታነሺው። ወደ ፊት ጎንበስ ይበልልሽ፤ ሲያጎነብስ ቂጡ ራሱ ይነሳል። ተነፍሺ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ። እሱም አብሮ ይቁጠር። ቸኩለሽ ከእሱ በፊት እንዳትነሺ።"

አንደኛው ሙከራ አልሆነም። ሁለተኛው ተንገዳገደ፤ እኔ ከኋላ ያዝኩ። በሦስተኛው ጋሼ "ሁ...ለት" ሲል አብረው ተነሱ። ቆሙ። እንደ ዳንሰኛ ተቃቅፈው፣ ግንባሩ ትከሻዋ ላይ። ወንበሩ ጎናቸው ነው፣ መዞር ብቻ ነው የቀራቸው። ግን አልዞሩም። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል እንዲህ ቆመው ከተቃቀፉ?

"ዙሪ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ጋሼ ሳል ይዞታል። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። አገጩን ወደ ደረቱ አድርጎ በትንሹ በትንሹ እንዲውጥ አሳይተውናል። ሥራ ተመልሻለሁ፤ ጠዋት የመጀመሪያውን፣ የጋሼን ሰዓት ግን ለማንም አልሰጥም። አለቃችን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ምንጣፉን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ሐኪሟ ባለፈው ማክሰኞ የመተንፈሻ መለኪያውን አስነፍታው ነበር። ቁጥሩን ነገረችን። አልጽፈውም።

ዛሬ ሰማዩ ከስንት ደመና በኋላ ጠራ። ጋሼ ወደ ውጭ አሳየ፤ በዓይኑ ነው አሁን የሚያሳየው። እኔና እትዬ ቀስ ብለን በዊልቸሩ አውጥተን ግቢው መሃል አቆምነው። እትዬ ልብስ ልታጥብ ሄደች። እኔ ድንጋዩ ላይ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነች። ዓይኑን ጨፈነ።

"ጋሼ።"

"እ።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

ዓይኑን አልገለጠም። የተኛ መሰለኝ። ከዚያ ለማውጣት የሚከብደውን ቃል ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል አወጣው። "በጠዋት... ስትጠብቂኝ... ደስ ይለኝ ነበር።"

ጥቂት ቆይቶ ተኛ። የጎረቤት ግድግዳ ጥላ እየተሳበ መጥቶ እግሩ ላይ ሲደርስ ተነስቼ የወንበሩን ፍሬን ለቀቅኩና ትንሽ ወደ ፀሐይ ገፋሁት። ጥላው ተከተለው። እንደገና ገፋሁት። እትዬ ከልብሱ ቀና ብላ "አትቀሰቅሺውም?" አለች በምልክት። አይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ፀሐይዋ የግቢው አጥር ጋ እስክትደርስ፣ ከዚያ ወዲያ መግፊያ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ገፋሁት።